የቴያትር አልባሳት በባሕር ዳር፦ የአንድ ስፌትና ኪራይ ቤት ግምገማ

በባሕር ዳር ከትልቁ ገበያ ጀርባ፣ ልብስ ሰፊዎች በተርታ በሚሠሩበት መንገድ ላይ፣ ለቴያትር ቡድኖች ልብስ የሚያከራይና በትእዛዝ የሚሰፋ አንድ ቤት አለ። ሰሌዳ ስለሌለው አዲስ ሰው በቀላሉ አያገኘውም፤ የከተማዋ ተዋንያን «ጋሼ ዘንድ» እያሉ ይጠቋቆሙበታል። ቡድናችን በጣልያን ወረራ ዘመን በነበሩ የጎጃም አርበኞች ሕይወት ላይ ለተመሠረተ ተውኔት ያስፈለገውን ልብስ በሙሉ ከዚህ ቤት ወስዶ ሥራውን ለተመልካች አቅርቦ ስለጨረሰ፣ ስለ አገልግሎቱ የታዘብሁትን ለሌሎች ቡድኖች በዝርዝር መጻፍ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ቤቱ በተለይ በጫማና በወታደር ልብስ በኩል ከባድ ጉድለት አለበት፤ ሆኖም በዚህ ከተማ እስከ ዛሬ ከሠራሁባቸው አከራዮች ሁሉ ልብስ የሚሰፋው ለገጸ ባሕርይው መሆኑን ጠንቅቆ የሚያውቅ ይህ ብቻ ነው።

የባህል ልብስ የሚያከራዩ ቤቶች በከተማችን ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ የሚያገለግሉት ለሠርግ፣ ለምርቃት፣ ለፎቶግራፍና ለባህል ውዝዋዜ ሲሆን ለዚያ ዓላማ ልብሱ አዲስ፣ ነጭና የሚያብረቀርቅ መሆኑ ትክክል ነው። ቴያትር ሠሪ ወደነዚህ ቤቶች ሲሄድ ግን ገበሬውም፣ ሽፍታውም፣ ባላባቱም፣ ለቀስተኛዋም ከአንድ ጣቃ የተቀደደ የሚመስል ልብስ ለብሰው መድረክ ላይ ይወጣሉ። ማን ጌታ ማን ሎሌ እንደሆነ፣ ማን ከሩቅ መንገድ እንደመጣና ማን ከጓዳው እንደወጣ ተመልካቹ ከልብሱ መለየት ስለማይችል፣ ተዋናዩ ያንን ሁሉ በቃል እንዲያስረዳ ይገደዳል። በብዙ የከተማችን ተውኔቶች ውስጥ ለሚሰማው ረጅም የማብራሪያ ንግግር ደራሲዎቹን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ ከፊሉ ልብሱ ዝም ስላለ አፍ እንዲናገረው የተደረገ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህ ቤት የሚለየው ገና ከመጀመሪያው ቀን ነው። የቤቱ ባለቤት በዕድሜ የገፉ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሜትራቸውን ከአንገታቸው ሳያወርዱ፣ ልኬት ከመውሰዳቸው በፊት ተውኔቱን እንድናነብላቸው ጠየቁን። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ከስፌት መኪናቸው ጀርባ ተቀምጠው አዳመጡ፣ ከዚያም በኋላ ያቀረቧቸው ጥያቄዎች አንድ አዘጋጅ ለተዋንያኑ ከሚያቀርባቸው የሚያንሱ አልነበሩም። የተውኔቱ ዋና ገጸ ባሕርይ ሚስቱ ሞታበት፣ ልጁን ለአክስቱ ሰጥቶ ጫካ የገባ ገበሬ ነው። ይህን ሰው ሆኖ የሚጫወተው ወጣት «ጋሼ፣ ለእኔ ደህና ጋቢ ከሰጡኝ ይበቃኛል» ሲላቸው፣ «ልጄ፣ ይህን ጋቢ የፈተለችለት ሚስቱ ናት። እሷ ከሞተች ወዲህ ሲቀደድ ማን ይጥፍለታል?» ብለው ጠየቁት። ወጣቱ መልስ አልነበረውም። ጋቢው ተሠርቶ ሲመጣ በአንድ ጠርዙ በኩል በወፍራም የጆንያ ክር፣ መርፌ መያዝ ባልለመደ ወንድ እጅ የተሰፋ የሚመስል ጥፈት ነበረበት። ከፊት ረድፍ የተቀመጠ ሰው እንኳ ይህን ስፌት አጥርቶ አያየውም፤ ተዋናዩ ግን በሁለተኛው ገቢር ስለ ሚስቱ ሲጠየቅ ማንም ሳያዝዘው ያንን ጠርዝ በጣቶቹ መዳበስ ጀመረ፣ እኛም እንቅስቃሴውን የተውኔቱ አካል አድርገን አጸናነው። ልብስ ለገጸ ባሕርይ አሣሣል የሚሰጠው ትልቁ አገልግሎት ይህ ይመስለኛል፤ ተመልካቹ ከሚያየው ይልቅ ለባሹ የሚያውቀው ነገር አጨዋወቱን ይለውጠዋል።

ባለሙያው ስለ ነጭ ልብስና ስለ መድረክ መብራት ያላቸው ዕውቀትም የሚደነቅ ነው። የሀገር ልብሳችን በአብዛኛው ነጭ ጥጥ ስለሆነ ይህ ጉዳይ እኛን በብርቱ ያስቸግረናል። አዲስ የነጣ ሸማ በጠንካራ መብራት ሥር ብርሃኑን መልሶ ስለሚረጭ የተመልካች ዓይን ወደ ልብሱ ይሳባል፤ በአጠገቡ ያለው ጠይም ፊት ደግሞ በንጽጽር ስለሚጨልም ተዋናዩ በዓይኑና በከንፈሩ የሚሠራው ሥራ ከመካከለኛው ረድፍ ጀምሮ ይጠፋል። የመብራት ባለሙያው ፊቱን ለማውጣት ብርሃን ሲጨምር ልብሱ የባሰ ያበራል፣ ስለዚህም መፍትሔው ከልብሱ መጀመር አለበት። ቤቱ ለመድረክ የሚያወጣቸውን ነጭ ልብሶች በሙሉ በፈላ የሻይ ቅጠል ውኃ ነክሮ ጥቂት ያጠይማቸዋል፤ ከመብራት ሥር ሲገቡ ተመልካቹ ነጭ መሆናቸውን እንጂ መነከራቸውን አያውቅም። ሁሉም በእኩል አይነከሩም። የባላባቱ ኩታ ገብቶ ወዲያው ይወጣል፣ የገበሬው ጋቢ ሲቆይ የእረኛው ውሎ ያድራል፤ ከዚህ የተነሣ ገና አንድ ቃል ሳይነገር የሀብትና የድህነት ደረጃ በነጩ ውስጥ ተለይቶ ይታያል። እንደ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ባለ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ለተቀመጠ ተመልካች ጥልፍና ጌጥ ምንም አይነግሩትም፤ የሚደርሰው የልብሱ ቅርጽ፣ የቀለሙ ክብደትና የጨርቁ አወዳደቅ ብቻ ነው፣ ባለሙያውም ገንዘባችንን በጥልፍ ላይ እንዳናባክን ደጋግመው የመከሩን ለዚህ ነበር።

ተውኔታችን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ያሉትን የወረራ ዓመታት ይሸፍናል። ይህን የሚያህል ጊዜ ማለፉ በልብስ ካልታየ በቃል ብቻ ሊታመን አይችልም። ባለሙያው ለዋናው ገጸ ባሕርይ አንድ ዓይነት የካኪ እጀ ጠባብ ሦስት ጊዜ ሰፍተው ለየገቢሩ አንዳንድ ሰጡን። የመጀመሪያው እንዳለ የተተወ ነው። ሁለተኛውን ውኃ አርሰው፣ ኪሶቹን በጠጠር ሞልተው፣ ተሰቅሎ እንዲደርቅ አደረጉት፤ ሲደርቅ ኪሶቹ ጥይት ሲሸከሙ የኖሩ መስለው ወደ ታች ወርደው ቀሩ። የሦስተኛውን ክርን፣ አንገትጌና ጠመንጃ የሚንጠለጠልበትን ትከሻ ደግሞ በአናጢ ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው ጨርቁን አሳሱት፣ ቀለሙንም ከትከሻው ጀምሮ ፀሐይ እንደመታው አድርገው አደበዘዙት። እኔን በተለይ ያረካኝ ልብሱን የሚያስረጁበትን ቦታ መምረጣቸው ነው። ሰው ልብሱን የሚጨርሰው እንደ ሥራው ነው፤ የገበሬ ልብስ ሞፈርና ቀንበር በሚሸከምበት ትከሻና በጉልበቱ ላይ፣ የጸሐፊ ልብስ በክርኑና በእጅጌው ጫፍ፣ የእናት ልብስ ልጅ በሚታዘልበት ጀርባዋና በወገቧ በኩል ያልቃል። በሌሎች ቤቶች ያረጀ ልብስ ሲጠየቅ የሚሰጠው በመቀስ የተተለተለና ጭቃ የተቀባ ነው፤ መቀስ የቆረጠው ጨርቅ ጠርዙ ቀጥ ያለ ስለሚሆን ከሩቅም ቢሆን ያስታውቃል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቤቱ የሚሰጠው የአለባበስ ትምህርት ነው። ሸማችን ከመቀስና ከመርፌ ቅርጹን ይዞ አይወጣም፤ ቅርጹን የሚሰጠው ለባሹ ነው። አንዱ ነጠላ እንደ አለባበሱ ጸሎት፣ ሐዘን ወይም መታዘዝ ሊናገር ይችላል። ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሰው ሁለቱን ጫፎች አመሳቅሎ መስቀልያ ይለብሰዋል፤ በጌታው ፊት የሚቆም ሎሌ ትከሻውን ገልጦ ሸማውን በወገቡ ላይ በማሰር ያደገድጋል፤ ሐዘንተኛ ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጣ በአንገቷ ዙሪያ ስታደርገው፣ በደስታ ቀን ያው ጥለት ወደ እግር ይወርዳል። በጂንስና በሹራብ ያደጉ፣ ነጠላ የሚያነሡትም ለበዓል ብቻ የሆኑ ወጣት ተዋንያን ይህን የሚያስተምራቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። በቤቱ ውስጥ ከባለሙያው ጋር የሚሠሩ አንዲት ወይዘሮ ልብሱ ከመረከቡ በፊት ተዋንያኑን ሰብስበው እያንዳንዳቸውን ያለብሷቸዋል፣ ያስወልቋቸዋል፣ እንደገናም ራሳቸው እንዲለብሱ ያደርጓቸዋል። ሎሌውን የሚጫወተው ልጅ ለማደግደግ ሲንደፋደፍ ሲያዩት፣ አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሠራውን ነገር ሳያስብ እንደሚሠራው ነገሩት፣ እጁ ልብሱን ሳያይ እስኪያገኘው ድረስም አለቀቁትም።

የዚህ ትምህርት ዋጋ በመርዶው ትዕይንት ላይ ታየ። በጽሑፉ ውስጥ አንዲት እናት ለበዓል ለብሳ ከቤቷ ስትወጣ የልጇን መሞት ይነግሯታል፤ ደራሲው ጩኸትና ረጅም ሙሾ አስቀምጦላት ነበር። ወይዘሮዋ ትዕይንቱን ከሰሙ በኋላ ተዋናይቷን ለብቻ ወስደው ነጠላውን እንዴት እንደምትገለብጥ አሳዩአት። አሁን በመድረክ ላይ የሚሆነው ይህ ነው፦ መርዶ ነጋሪዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ቆመው ሳሉ እናቲቱ ጥለቱ ወደ እግሯ የወረደውን ነጠላ ቀስ ብላ ታወርደዋለች፣ ትገለብጠዋለች፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ መልሳ ትለብሰዋለች፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ትቀመጣለች። በአዳራሹ የነበሩ እናቶች ማልቀስ የጀመሩት ተዋናይቷ ድምፅ ከማሰማቷ በፊት ነው። በአጠገባቸው የተቀመጡ ወጣቶች ምን እንደሆነ ዘወር ብለው ሲጠይቁም አይቻለሁ። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን አይተው ወጣቱ የማይረዳው ምልክት በመድረክ ላይ መቅረብ እንደሌለበት ተከራክረዋል፤ እኔ ግን ከዚህ ጋር አልስማማም። ወጣቱ አጠገቡ ያለችውን እናት ጠይቆ መረዳቱ ራሱ ቴያትር ሊሠራው ከሚገባ ሥራ አንዱ ነው፣ ትዕይንቱንም አሁን ባለበት እንዲቀር አድርገናል።

አሁን ወደ ኪራዩ ደንብ ልሂድ፤ ከቤቱ ጥቅሞች ሁሉ ለሌሎች ቡድኖች ይበልጥ ሊያስፈልጋቸው የሚችለው እርሱ ነውና። የከተማችን አከራዮች ዋጋ የሚያስከፍሉት በቀን ነው። እንደ ብሔራዊ ቴአትር ያሉ ነባር ቤቶች የራሳቸው የአልባሳት ክምችት ሲኖራቸው፣ ገንዘብ ያነሰው የክልል ቡድን ግን ልብሱን የሚወስደው ተውኔቱ በሚታይበት ዕለት ጠዋት ነው። ተዋናዩ ለወራት በቲሸርትና በሸራ ጫማ ሲለማመድ ቆይቶ ገጸ ባሕርይው የኖረበትን ልብስ የሚያገኘው ተመልካች አዳራሽ ሲገባ ነው ማለት ነው። ውጤቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ጋቢው ይወድቃል፣ መቀነቱ ይፈታል፣ ቀሚሱ ይረገጣል፣ ተዋናዩም ከንግግሩ ይልቅ ልብሱን ሲጠብቅ ያመሻል። ከዚህ የሚከፋው ግን በዓይን የማይያዘው ጉዳት ነው። ልብስ የሰውነትን አያያዝ ይለውጣል። ጋቢ የደረበ ሰው አንድ እጁ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ስለሆነ የእጅ እንቅስቃሴው ይቆጠባል፤ ቡልኮ የተከናነበ ሽማግሌ በክብደቱ ምክንያት ዞር የሚለው በአንገቱ ሳይሆን በመላ አካሉ ነው፤ መቀነት ጠበቅ አድርጋ የታጠቀች ሴት አተነፋፈሷም አቀማመጧም ይለያል። ይህ ሁሉ የሚገኘው በልምምድ ጊዜ ልብሱ ካለ ብቻ ነው። አለዚያ ተዋናዩ በሌላ አካል ያጠናውን ገጸ ባሕርይ በመጨረሻው ሰዓት በአዲስ አካል እንዲጫወት ይገደዳል።

ይህ ቤት ለልምምድ ጊዜ የሚያስከፍለው የመድረክ ቀን ኪራይን ሩብ ያህል ነው፤ ዋናው ልብስ እስኪሰፋ ድረስም መጠኑና ክብደቱ ተመሳሳይ የሆነ አሮጌ ልብስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሰጣል። እኛም ሽማግሌውን ለሚጫወተው ልጅ ያረጀ ቡልኮ ተሰጥቶን ስለነበር፣ ልጁ በልምምዱ መካከል አጎንብሶ በመንቀጥቀጥ ያሳየው የነበረውን እርጅና ትቶ በልብሱ ክብደት ብቻ መጫወት ጀመረ። ያ የተበደረ መንቀጥቀጥ ለዓመታት በመድረኮቻችን ላይ ሲያሳዝነኝ የኖረ ነገር ስለሆነ ለውጡን ሳይ የተሰማኝን ደስታ መደበቅ አልችልም።

ስለ ነገሥታት ልብስ ቤቱ ያለውን አቋምም መጥቀስ ይገባል። በመደርደሪያው ላይ ወርቀ ዘቦ የተጠለፈባቸው የከፋይ ካባዎች አሉ፣ ብዙ ቡድኖችም ንጉሥ ሲሉ እነዚህን ይጠይቃሉ። ሌላ ቡድን ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ለሚያዘጋጀው ሥራ ልብስ ሲመርጥ እኔም በቦታው ነበርሁና፣ ባለሙያው ካባውን ወደ ቦታው መልሰው ተራ ኩታ ሲያወጡላቸው አየሁ። ምክንያታቸው ትክክል ነው። ከ1847 እስከ 1860 ዓ.ም. የነገሡት ቴዎድሮስ በአለባበሳቸው ከወታደሮቻቸው ብዙም የማይለዩ እንደነበሩ ባዩአቸው የውጭ ሰዎች ተጽፏል። መኳንንቱ ሁሉ አጊጠው በቆሙበት መካከል ተራ ሸማ የለበሰው ሰው ንጉሡ መሆኑ ሲታወቅ የሚፈጠረው ኃይል በከፋይ ካባ የሚገኝ አይደለም። ወይዘሮዋ ደግሞ በዘጌ ከምትገኘው ከኡራ ኪዳነ ምሕረት የግድግዳ ሥዕሎች ላይ የአንገት ቅርጽ፣ የእጅጌ ስፋትና የሻሽ አስተሳሰር እየነደፉ ያከማቹበት ደብተር አላቸው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን የመጽሐፍ ቅዱስ ሰዎችን የሚያለብሷቸው ራሳቸው የሚያውቁትን ልብስ ስለነበር፣ እነዚህ ግድግዳዎች ለአልባሳት ባለሙያ ሌላ ቦታ የማይገኝ መዝገብ ናቸው፤ በደቅ ደሴት ላይ ባለው በናርጋ ሥላሴም እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ ተደፍተው ተሥለው ይገኛሉ። በጣና ዳር እየኖርን ስለ ጎንደር ዘመን የሚሠራ ተውኔት ልብሱን ከሠርግ ቤት የሚበደርበት ምክንያት አይታየኝም።

ወደ ጉድለቶቹ ስመጣ በመጀመሪያ የማነሣው ጫማውን ነው። ተውኔታችን ውስጥ አንድ ባንዳ አለ፤ ከላይ እንደ ጎረቤቶቹ ጋቢ ለብሶ ከሥር የጣልያን ወታደር ጫማ የሚጫማ ሰው ነው፣ ክህደቱም ለተመልካች መጀመሪያ የሚታየው በእግሩ ነው። ቤቱ የሰጠን ዛሬ በግንባታ ሥራ ላይ የሚደረግ ወፍራም የጎማ ሶል ያለው ጫማ ነበር። እግሩ ላይ ዓይኑን እንዲጥል የተጠየቀ ተመልካች የሚያየው ትናንት ከገበያ የተገዛ ጫማ ከሆነ ትዕይንቱ ይፈርሳል። ለገበሬዎቹ ደግሞ የቀረበልን ኮንጎ ጫማ ነበር፤ በዚያ ዘመን የነበረው ገበሬ በአብዛኛው በባዶ እግሩ ይሄድ ስለነበር አልተቀበልነውም፣ ተዋንያኑም ባዶ እግራቸውን ተጫውተዋል። ልብሱን በዚያ ጥንቃቄ የሚሠራ ቤት ከቁርጭምጭሚት በታች ሲደርስ ጥንቃቄውን መተዉ የሚያሳዝን ነው። ጫማ አረማመድን ስለሚወስን በልምምድ መጀመሪያ ላይ ከልብስም ቀድሞ መገኘት ያለበት ዕቃ ነውና።

የጣልያኑ መኮንን ልብስም አላጠገበንም። በሚያብረቀርቅ ፖሊስተር የተሰፋ፣ መልሕቅ ያለበት የገበያ ቁልፍ የተደረገበት፣ ባርኔጣውም የዛሬ ዘመን የመኮንን ቆብ የሆነ ልብስ ነው። በዚያ ዘመን በሀገራችን የነበሩት የጣልያን ወታደሮች የሚታወቁበት የፀሐይ ባርኔጣ በቤቱ ውስጥ የለም። ባለሙያው የራሳችንን ሰው ሲያለብሱ የሚጠይቁትን ጥያቄ ጠላቱን ሲያለብሱ አልጠየቁም፤ በዚህም ምክንያት መኮንኑ በመድረክ ላይ ከሰውነት ይልቅ ወደ ምልክትነት አዘነበለ፣ ተዋናዩም ልብሱ ያላገዘውን ነገር በድምፁ ለመሙላት ሲጮኽ ነበር። ከሰው ሠራሽ ፀጉር የተሠራው የአርበኞቹ ጎፈሬም መብራት ሲያርፍበት ያብለጨልጫል፤ እርሱን በዱቄት ካደበዘዝነው በኋላ ነው የተጠቀምንበት።

የባላባቱ ሚስት ቀሚስ ገበሩ ሳቲን ስለነበር ተዋናይቷ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ይንኮሻኮሽ ነበር፣ በሹክሹክታ በሚነገረው ትዕይንት ላይም ቃሉን ሸፈነው። ይህን ስንነግራቸው ግን ያለ ክርክር ገበሩን በአቡጀዴ ቀይረው በማግሥቱ መለሱልን። በብብት በኩል ሦስት ማዕዘን ቁራጭ ጨርቅ ስለሚገባበትም ልብሳቸው ክንድ ሲነሣ ከወገብ አይጎተትም፣ አይቀደድምም። ፈጥኖ መለወጥ ላለበት ልብስ ከላይ የሚታዩት ቁልፎች ለዓይን ብቻ የተሰፉ ሆነው ከሥር በአጣባቂ ይዘጋል። የመጋጠሚያው ስፌት ትርፍ ጨርቅ ስለተተወለት አንድ ልብስ ለወፍራምም ለቀጭንም ተዋናይ ሊስተካከል ይችላል። በአንጻሩ ኪራይ ልብሶቹ ሳይታጠቡ ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው ይተላለፋሉ፤ በባሕር ዳር የሚያዝያና የግንቦት ሙቀት ይህ ለተዋንያን ክብርም ለጤናም የማይገባ ነው። በብብት በኩል ተነቅሎ የሚታጠብ ገበር ቢደረግ አብዛኛው ችግር ይቃለላል፣ ይህንኑም ነግረናቸዋል። ርክክቡ ከተባለው ቀን ዘግይቷል፣ ደረሰኝም የሚሰጡት ሲጠየቁ ብቻ ነው።

ዋጋው በትእዛዝ ለሚሰፋ ልብስ ከሠርግ ልብስ አከራዮች ከፍ ይላል፤ ልምምዱንና የአለባበስ ትምህርቱን አብሮ ለሚያሰላ ቡድን ግን የሚቀረው ትርፍ ነው። የሀገር ልብስ የሚጠይቅ፣ በተለይም ሴቶችና ሽማግሌዎች የሚበዙበት ተውኔት ያለው ቡድን ወደዚህ ቤት ቢሄድ እመክራለሁ፤ ሲሄድም የተውኔቱን ጽሑፍ እንጂ የተዋንያኑን ልኬት ብቻ ይዞ መሄድ የለበትም። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባለው የሠርግ ወቅት ቤቱ በስፌት ስለሚጨናነቅ ትእዛዙ ከዚያ በፊት መግባት አለበት። የውጭ ወታደርና የከተማ ኮት የሚያስፈልገው ቡድን ሌላ ባለሙያ ይፈልግ። እኛ ለሚቀጥለው ሥራችን የሴቶቹን ልብስ ከወዲሁ አዝዘናል፣ አሮጌውንም ቡልኮ ለልምምዱ አስቀምጠውልናል፤ ጫማውን ግን ለቆዳ ሠሪ ለብቻው ሰጥተናል።